ለሞጣ ያዋስናቸው ሰው

ስለ መዋዋስ ሳስብ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው መሰላል ነው። ቢቸና፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ለመንደሩ ሁሉ የሚያገለግል አንድ መሰላል አለ። ክረምት ሊገባ ሲል ቆርቆሮው የላላበት ይወስደዋል፤ ግድግዳ የሚቀባ ይወስደዋል፤ ጎረቤቱ ሲወስድ ያየ ደግሞ ምን እንደሚሠራበት ባያውቅም ተራ ይይዛል። ባለቤቱ መሰላል እንዳለው ትዝ የሚለው የገዛ ጣራው ያፈሰሰ ዕለት ነው። ያን ዕለት ጋቢውን ተከናንቦ ከቤት ቤት ይዞራል። የወሰደው ሰው ለሌላ ሰጥቶታል፣ ያኛውም ለሌላ፤ መሰላሉ የሚገኘው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም። መሰላል ባይሆን ትልቁ ብረት ድስት ይሆናል።

ሰውም እንደ መሰላል በውሰት እንደሚሰጥ ያወቅሁት መንግሥት ቤት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። በእኛ ቤት ስሙ ትውስት ይባላል። ዝም ብሎ የሚሰጥ እንዳይመስላችሁ፤ መመሪያ አለው። ፈላጊው፣ መንግሥት ቤትም ይሁን የውጭ ድርጅት፣ በደብዳቤ ይጠይቃል። ላኪው መሥሪያ ቤት ሥራዬ አይበደልም ብሎ ይስማማል። ሠራተኛው ራሱ ፈቅዶ ይፈርማል። ጊዜው ይቆረጣል፤ ደመወዙን የተዋሰው ይችላል፤ የሥራ መደቡ እስኪመለስ ይጠበቅለታል። ጊዜው ሲያልቅ መጥቶ ሪፖርት ያደርጋል፤ ካላደረገ ሥራውን ጥሎ እንደ ሄደ ይቆጠራል። መሰላላችን የዚህን ግማሽ እንኳ ቢያገኝ እንዴት በተከበረ! ሰው ሀብት ክፍል ከተቀመጥኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ይህን መመሪያ በማንበብ ብዛት በቃሌ ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ጉድለት ያገኘሁበት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ማንን እንደምታውስ ከማዋስህ በፊት እወቅ የሚል አንቀጽ የለውም።

እኛ ያዋስናቸው ጋሽ አንሙትን ነበር።

ጋሽ አንሙት የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ላይ ወደ አስኳላ የዞሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ደብዳቤ ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሉት። ከጀርባቸው ሰላሳ አንድ ክፍልፋይ ያለው የእንጨት መደርደሪያ ቆሟል፤ ራሳቸው ንድፉን ሰጥተው ያሠሩት ነው። ሰላሳው ለወሩ ቀናት ነው፤ ሰላሳ አንደኛውና ጠባቡ ለጳጉሜን ነው። የገባ ደብዳቤ፣ የወጣ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ ሁሉም እንደ ቀኑ ይቀመጣል፤ ወሩ በሲባጎ ይታሰራል፤ የዘንድሮው ከላይ፣ የአምናው ከሥር። ቁጥር የሚባል ነገር አይነኩም ማለቴ አይደለም፤ በቀይ ቀለም ይጽፉታል፣ ከዚያ ግን ረስተውት ይተዋሉ።

ይህ ኋላቀር አሠራር ነው ትሉ ይሆናል። እስቲ ከመፍረዳችሁ በፊት ከደብረ ወርቅ መንገድ ከአንዱ ቀበሌ የመጡ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ቆመው አስቡ። የደብዳቤ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ወይ ታጥባለች፣ ወይ ትንባሆ ተጠቅልሎባታል።

«እንደው ስለ ድንበሬ ጉዳይ ያመለከትኩባት ወረቀት ነበረች፤» ይላሉ።

«መቼ መጡ?»

«ባቄላው እሸት ሳለ ነው። ለአቦ ማግስት።»

አቦ አምስት ቀን ነው፤ ጋሽ አንሙት ዘወር ይሉና ስድስተኛው ክፍልፋይ ውስጥ እጃቸውን ይሰዳሉ። ቀና ሲሉ ወረቀቷ በእጃቸው ናት። ለሙስሊሙ ባለጉዳይ ደግሞ ከረመዳን በፊት ነው በኋላ ብለው ይጀምሩና በገበያ ቀን እየቆጠሩ እዚያው ይደርሳሉ። አገሩ ሁሉ ቁጥር ይረሳል፤ ቀን ግን አይረሳም። ጋሽ አንሙት መደርደሪያቸውን የሠሩት ባለጉዳዩ ለሚያስታውሰው ነገር ነበር።

የያኔው ኃላፊያችን ይህን አልወደደውም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ወጣት፣ ታታሪ፣ ሥልጠና የሚወድ ሰው ነበር። ከሥልጠና በተመለሰ ቁጥር አንድ ነገር እናፈርሳለን። አንድ ቀን መዝገብ ቤት ገብቶ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ፣ «ይሄ መዝገብ ቤት ነው ወይስ የደብር ዕቃ ቤት?» አለ። ጋሽ አንሙት ፈገግ ብለው ሲባጎ ማሰራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሰሞን ሞጣ ላይ ሥራ ከጀመረ አንድ የውጭ ድርጅት ፕሮጀክት ደብዳቤ መጣ፤ ልምድ ያለው የመዝገብ ሠራተኛ ለአንድ ዓመት በትውስት ስጡን የሚል። ኃላፊያችን ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተስማማ። «ሥራችን አይበደልም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሁን ሳስባት ታሳፍረኛለች።

ላስፈርማቸው ስጠራቸው ጋሽ አንሙት ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንች ጥሩዬ፣ እምቢ ብል ምን ይሉኛል?»

«ምንም አይሉዎትም ጋሼ። መብትዎ ነው።»

«እሽ ብልስ? ለጡረታዬ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ። መመለሻ ባጣ ብርቄን ምን እላታለሁ?» ብርቄ ባለቤታቸው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከቢቸና አይነቃነቁም።

«መደብዎ ይጠበቅልዎታል። በዓመትዎ ይመለሳሉ።»

«ማን ነው የሚጠብቅልኝ?»

«ደብዳቤው።»

ይህን ስል ፊታቸው ፈካ። «ደብዳቤ ካለማ ምን አለ» ብለው ፈረሙ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ ደብዳቤ እሳቸውን ይጠብቃል ሲባሉ ለምን አያምኑ።

ደብዳቤው የወጣው ሰባት ቀን፣ ለሥላሴ ነው። አንዱ ቅጂ ለሞጣ፣ አንዱ ለጋሽ አንሙት፣ አንዱ ለእኛ መዝገብ ቤት። በማግስቱ ማለዳ አንዲት ሻንጣ ይዘው መኪና ላይ ወጡ።

ሰኞ ዕለት ኃላፊያችን መዝገብ ቤቱን ደርቤ እንድይዝ ጠረጴዛዬን ወደዚያ አስገባ፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳጥንም አምጥቶ ላዩ ላይ አስቀመጠ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ደብዳቤ በመለያ ቁጥር ይቀመጣል፤ ሳጥን አንድ ይህ ነው፤ ሌሎቹ በግዥ ላይ ናቸው አለ። እኔም በትልልቅ ፊደል ስያሜና ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩበት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ሰኞ ጀመርን፣ ሐሙስ ተውነው። ባለጉዳዩ ሁሉ መስኮቱ ላይ ቆሞ ለሚካኤል፣ ለባታ፣ ለጊዮርጊስ ዋዜማ ይላል፤ ቁጥር ያለው አንድ ሰው አልመጣም። ግዥ ላይ ያሉት ሳጥኖችም እስካሁን ግዥ ላይ ናቸው። አንደኛውን ሳጥን ጠረጴዛዬ ሥር ከተትኩትና እግሬን ማሳረፊያ አደረግሁት። ልኩ ለእግሬ የተሠራ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍነው ስልኬ ይናገር። መስኮቱ ላይ ሰው ሲበዛ ሞጣ እደውላለሁ።

«ጋሼ፣ የዘር አቅርቦት ቅሬታ ነው የሚሉት። ለተክልዬ ነው የመጣሁ ይላሉ።»

«ተክልዬ ሃያ አራት ነው። አምና ነው ዘንድሮ?»

«አምና።»

«ከሥር ነው። ሲባጎው አረንጓዴ ነው። በእርጋታ ሳቢው፣ እንዳይቀደድ።»

አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይሠራም ይላል መመሪያው። ጋሽ አንሙት ግን በወንበራቸው ሞጣ፣ በጆሯቸው ቢቸና ነበሩ። መንፈቅ ሳይሞላ እኔም ለመድኩት፤ ባለጉዳይ አፉን ሲከፍት እጄ ወደ ክፍልፋዩ መሄድ ጀመረ። ኃላፊያችን እንኳ የራሱን የዕድገት ደብዳቤ ፈልጊልኝ ብሎ የመጣ ጊዜ «ለገብርኤል ይመስለኛል» አለኝ። አስራ ዘጠነኛው ውስጥ አገኘሁለት። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ በምትኩ አዲስ ኃላፊ መጣልን።

የተዋሰው ወገን የሥራ አፈጻጸማቸውን ሞልቶ መላክ ስላለበት አንድ ጊዜ ቅጹን ይዤ ሞጣ ሄጃለሁ። ጋሽ አንሙትን የሚሽከረከር ወንበር ላይ አገኘኋቸው። እንዳይሽከረከር እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው በጥንቃቄ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል፤ ከጎኑ የለመድኩት ዓይነት መደርደሪያ ቆሟል። የፕሮጀክቱ ሰዎች ወደዋቸዋል፤ አንድ ዓመት እንጨምር ብለው ለምነዋቸዋል።

«እምቢ አልኳቸው፤» አሉኝ። «ሞጣ መልካም አገር ነው፣ ሰዉም ሰው ነው። ግን ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚመጣ ባል ምን ያደርግልኛል ትላለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቢቸናን መደርደሪያ እንደ ከብት ጠየቁኝ። አስራ ሁለተኛው በጣም አልሞላም ወይ? የጳጉሜኗን አይጥ አልነካትም? ደህና ናት ስላቸው ተመስገን አሉ።

ዓመቱ ሞላ። ጋሽ አንሙት ሻንጣቸውን ይዘው፣ ከፕሮጀክቱ የመሸኛ ደብዳቤ ጨብጠው በሰዓቱ ደረሱ። ችግሩ ሌላ ሰው ደግሞ በሰዓቱ ደርሶ ነበር። የሠራተኛ ድልድል ሊያደርግ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጥቶ አዳራሻችን ውስጥ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱን መደብ በባለመደቡ ማስረጃ እያየ ያጸድቃል፤ ያልተረጋገጠውን ክፍት ብሎ ለሌላ ይሰጣል። በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራውን ዘግቶ ይሄዳል። ጋሽ አንሙት እፊታቸው ቀረቡ።

«የትውስት ደብዳቤዎ ይቅረብ፤» አለ ሰብሳቢው።

«የሞጣው መሸኛ ይኸው፤» አልኩ እኔ።

«ይሄ እዚያ መሥራታቸውን ነው የሚናገር። እኛ ልከናቸው መሄዳቸውንና መደባቸው የተጠበቀ መሆኑን የሚናገረው የራሳችሁ ደብዳቤ ነው። እሱ ከሌለ አንድ ዓመት ከሥራ የቀሩ ሰው ናቸው።»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምስክር አልጠየቅንም እህቴ።»

በአፈጻጸም ቅጹ ሞከርኩ፤ ለዚያም ያንኑ መለሰልኝ። ወደ ቀድሞው ኃላፊ ደወልኩ፤ አዎ ልኬያቸዋለሁ አለ፤ ስልክ ማህተም የለውም ተባልኩ። ፕሮጀክቱ ጋር ያለው ቅጂስ ብትሉ፣ ፕሮጀክቱ በዚያው ሳምንት የሞጣ ቢሮውን ሳይታሰብ ዘግቶ ወረቀቱን በመኪና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ጭነቱን ከፍቶ የሚፈልግልን ሰው ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል አሉን። እኛ ያለን ነገ ነው።

«የእርስዎ ቅጂስ ጋሼ? ቤት የለም?»

ጋሽ አንሙት እንደ መገረም አዩኝ። «ቤት ምን ይሠራል? ሞጣ መዝገብ ቤት ነው ያስቀመጥኩት። ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይከርማል እንዴ?»

ይህን ስህተት የሚሠራ ሌላ ሰው አገር ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሰው የገዛ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ፍራሽ ሥር ይከታል። እሳቸው ግን ወረቀት የሚያምን ሰው መዝገብ ቤትንም ማመን አለበት ባይ ናቸው።

«አይዞሽ፤» አሉኝ። «የኛው አለ። ለሥላሴ ነው የወጣው።»

ሰባተኛው ክፍልፋይ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። የአምናውን እስር ፈትተው አንድ በአንድ አዩት። እንደገና አዩት። የለም። ምናልባት ማግስቱን ተመዝግቦ ከሆነ ብለው ስምንተኛውን ፈቱ። ከዚያ ዋዜማውን። ያን ቀን መሸብን። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ከልደታ እስከ ሰላሳ፣ ጠባቧን ጳጉሜንም ሳይቀር፣ እሳቸውም እኔም ወረቀት ስንገልጥ ዋልን። ሲገኝ የኖረው ሁሉ አለ፤ የእሳቸው ብቻ የለም። ከሰዓት በኋላ ያዩትን እስር መላልሰው ይፈቱ ጀመር። ከመደባቸው መባረር ይሆናል ያስጨነቃቸው ብዬ ነበር፤ አንድ ጊዜ ግን መደርደሪያውን ይዘው ቆመው ለራሳቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ወይ አንሙት፣ አለቀልህ። ያስቀመጥከውንም ረሳህ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። እግሬን እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ሥር ዘረጋሁ። ተረከዜ ቆርቆሮውን ሲነካ ድው አለ።

አሁን ደርሳችሁበታል። እኔ ግን ዓመት ሙሉ እግሬን ጭኜበት አልደረስኩበትም። ጎንበስ ብዬ ሳጥኑን ጎተትኩ፤ አቧራውን ጠረግሁ፤ «የትውስት ጉዳዮች፣ ሳጥን አንድ» ይላል የገዛ ጽሕፈቴ። ከፈትኩት። ውስጡ ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ የሌላው ጉዳይ ሳጥን ስላልተገዛ ሌላው ወረቀት ሁሉ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ በመለያ ቁጥር የተቀመጠ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ደብዳቤ፣ የጋሽ አንሙት ደብዳቤ ነበር፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

ሳጥኑን እንዳለ ታቅፌ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አነበበ፤ ማህተሙን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ። «የት ነበር?» አለኝ። እግሬ ሥር ልል አፌን ስከፍት አዲሱ ኃላፊያችን ቀደመኝ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ለካ እያነበበ ነበር።

«በመለያ ቁጥሩ ተቀምጦ!» አለ በደስታ። «ያ ሁሉ መደርደሪያ ሁለት ቀን ሲገለጥ ያልተገኘው፣ በዘመናዊው አሠራር የተቀመጠው ወዲያው ተገኘ!»

ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። በቃለ ጉባዔው ላይ መልካም ተሞክሮ ተብሎ ተያዘ። የጋሽ አንሙት መደብም ጸደቀ። እኔ? እኔ ዝም አልኩ። መደቡ ከጸደቀ ወዲያ ምን አስለፈለፈኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነው።

ጋሽ አንሙትን ግን ዝም ልላቸው አልቻልኩም። ማታ ወደ ሰፈር አብረን ስናዘግም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰኞውን፣ ሳጥኑን፣ እግሬንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መንገዱ መሀል ቆሙ።

«እንግዲያ አንች ነሽ ያስቀመጥሽው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ተመስገን!» አሉ። «እኔኮ አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ነበር። መደቡስ ይቅር፣ ብርቄ ጋ ቁጭ እል ነበር። ያስቀመጥኩትን ከረሳሁ ግን ምኑን ሰው ሆንኩት።» ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ። የበደልኩት ሰው በበደሌ «ተመስገን» ሲል ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

በሳምንቱ አዲሱ ኃላፊ ደብዳቤ አወጣ። የተገኘውን መልካም ተሞክሮ ለማስፋት የመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ተነሥቶ ማንኛውም ወረቀት በመለያ ቁጥር እንዲቀመጥ፣ ለዚህም ሥራ አቶ አንሙት ኃላፊነት እንዲወስዱ ይላል። ደብዳቤውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ አንሙት በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ደህና ደብዳቤ ነው፤» አሉ። «አጻጻፉም ግድፈት የለው።»

ቁጥሩን በቀይ ቀለም ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አንድ።»

«ማርያም ናት ለካ» አሉና ዘወር ብለው ሃያ አንደኛው ክፍልፋይ ውስጥ አስቀመጡት።

በቀደም ለክትትል ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ስለ መደርደሪያው መነሣት የተጻፈው ደብዳቤ ምን ላይ ደረሰ ብለው ጠየቁ። ቁጥሩን በትክክል ጽፈው ይዘዋል። ጋሽ አንሙት በአክብሮት ብድግ ብለው ተቀበሏቸውና፣ «መቼ ነበር የተጻፈው?» አሏቸው። ተያዩ። ቁጥሩን ነው እንጂ ቀኑን አልያዝንም አሉ። ጋሽ አንሙት አዘኑላቸው፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት፤ ወደ እኔም ዞር ብለው አዩኝ። እኔ እግሬን ሳጥኑ ላይ አሳርፌ ወረቀት ሳገላብጥ ነበር። ሰዎቹ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ከሁለቱ አንዱ ለማርያም ነው ቢል ኖሮ ወዲያው ይወጣለት ነበር።